የስብሰባ ክፍል ገመድ አልባ የስክሪን ማጋሪያ ሳጥን፦ ከቢሮ ኔትወርክ ጋር እንዴት ላገናኘው?

ሳቢያን24፦

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ከዚራ ያለ ቢሮ ነው፤ ሠራተኛው 60 ገደማ፣ የስብሰባ ክፍሉ ሦስት። ሁለቱ ክፍሎች ውስጥ ላፕቶፕ ላይ በዩኤስቢ የሚሰካ ቁልፍ ያለው የባርኮ ክሊክሼር ሳጥን አለ። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ኤርፕሌይና ሚራካስት (የአይፎንና የዊንዶውስ ገመድ አልባ ስክሪን ማጋሪያ) የሚቀበል ርካሽ ሳጥን ከቲቪው ጀርባ ተለጥፏል። ራውተሩ ማይክሮቲክ ነው፣ ስዊቾቹ ቪላን (አንዱን ኔትወርክ ለያይቶ ማጠሪያ) ያውቃሉ፣ ዋይፋዩ የሠራተኛና የእንግዳ ተብሎ በሁለት ስም ይወጣል።

እስካሁን ሦስቱም ሳጥኖች በሠራተኛው ኔትወርክ ላይ ነበሩ። ከአዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት የመጣ ኦዲት "ከዚያ ይውጡ" ስላለ ለብቻቸው ቪላን ሠራሁላቸው። ክሊክሼሮቹ ምንም አልሆኑም። የሦስተኛው ክፍል ሳጥን ግን ከአይፎኖቹ ዝርዝር ላይ ጠፋ። ዊንዶውስ ላይ ስሙ ይታያል፣ ይገናኛልም፣ ግን ምስሉ ይቆራረጣል፤ አንዳንዴ የላፕቶፑን ኢንተርኔት ይዞት ይሄዳል። ከሠራተኛው ኔትወርክ ሳጥኑን ፒንግ ሳደርግ (አለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው) ደህና ይመልሳል።

ከጅቡቲና ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶችም በራሳቸው ላፕቶፕ ማሳየት አለባቸው፣ ግን ሰርቨራችንን እንዲያዩ አልፈልግም። ምን ልክፈት፣ ምን ልዝጋ? ቪላን መለየቱስ ብቻውን ይበቃል?

ከዚራ ኬብል፦

ከመጨረሻው ልጀምር፤ አይበቃም። ኦዲቱ ልክ ነው፣ ግን ቪላን ለይተህም ቀዳዳው ክፍት ሊቀር ይችላል።

እነዚህን ሳጥኖች ሰው እንደ ቲቪ ዕቃ ያያቸዋል፤ ውስጣቸው ግን ሙሉ ኮምፒውተር ነው። የራሳቸው ዌብ ሰርቨር አላቸው፣ የራሳቸውን ዋይፋይ ያወጣሉ፣ አፕዴት ማድረግን ደግሞ ሁሉም ይረሳዋል። በፈረንጆቹ 2019 ቴነብል የተባለው የደኅንነት ድርጅት የክሬስትሮን ኤርሚዲያ ኤኤም-100 እና ኤኤም-101፣ የባርኮ ዊፕሬዘንት፣ የኤክስትሮን ሼርሊንክና የሌሎችም አምራቾች ሳጥኖች ውስጣቸው ያለው ኮድ የጋራ መሆኑን፣ ያለ ምንም ፓስወርድ ከኔትወርክ ላይ ሆኖ ትእዛዝ ማስፈጸም የሚያስችል ክፍተት እንዳለባቸው ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት አንድ የሚራይ ማልዌር ዝርያ የዊፕሬዘንትን ሳጥን ከዒላማዎቹ አንዱ አድርጎ ተገኘ። ዲሴምበር ላይ ደግሞ ኤፍ-ሴኪዩር ክሊክሼር ላይ ያገኛቸውን ክፍተቶች አወጣ፤ ባርኮ የፈርምዌር (የሳጥኑ የውስጥ ሶፍትዌር) ማስተካከያ ለቋል። ስለዚህ ማንኛውንም ቪላን ከመንካትህ በፊት የሦስቱንም ሳጥኖች የፈርምዌር ቁጥር ጻፍና ከአምራቹ ገጽ ጋር አስተያይ። ሦስተኛው ርካሽ ሳጥን አምራቹ አፕዴት ማውጣት ያቆመበት ከሆነ ከማንኛውም ኔትወርክ ነቅለህ በምትኩ የኤችዲኤምአይ ኬብል ተጠቀም ወይም ቀይረው።

አሁን ወደ ቀዳዳው። ሳጥኑ ሁለት በር ያለው ቤት ነው፤ አንዱ በኬብል ወደ ቢሮህ ይከፈታል፣ ሌላው በራሱ ዋይፋይ ወደ እንግዳው። ብዙ ርካሽ ሳጥኖች "እንግዳው እያሳየ ኢንተርኔትም ያግኝ" በሚል ሁለቱን በሮች አገናኝተው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። ሴቲንጉ ውስጥ ብሪጅ፣ ራውተር ወይም ኢንተርኔት ማጋራት በሚል ስም ታገኘዋለህ። ይህ ክፍት ከሆነ የእንግዳ ዋይፋይህን የቱንም ያህል ብታጥር እንግዳው በሳጥኑ በኩል ዞሮ ይገባል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ላፕቶፕህን ከሁሉም ኬብል ነቅለህ በሳጥኑ ዋይፋይ ብቻ አገናኘው፤ ከዚያ ያገኘውን አድራሻ እይ። ከቢሮህ የአድራሻ ክልል ከሆነ ሳጥኑ ብሪጅ እያደረገ ነው። የራሱ ሌላ ክልል ሆኖ ግን ራውተርህን፣ ፕሪንተርህንና የፋይል ሰርቨርህን ፒንግ ስታደርግ ከመለሱልህ ራውተር ሆኖ እያሳለፈ ነው። ይኼኛው የባሰ ነው፤ ፋየርዎልህ ሎግ ላይ የሚታየው የሳጥኑ አድራሻ ብቻ ስለሚሆን ማን እንደገባ አታውቅም። ፒንግ ብቻ አትመን፤ የፋይል ሰርቨሩን ቲሲፒ 445 (የፋይል ማጋሪያውን ፖርት) እና የራውተሩን ማስተዳደሪያ ፖርት ለየብቻ ሞክር። ክሊክሼሮቹም ላይ ይኸንኑ አድርግ፤ "እነሱ ደህና ናቸው" ብለህ አትለፋቸው። ከእያንዳንዱ የፈርምዌር አፕዴት በኋላም ድገመው፤ አፕዴት ሴቲንጉን ወደ ፋብሪካው የሚመልስበት ጊዜ አለ።

ሌላው ዓይነተኛ ቀዳዳ የዌብ ገጹ ነው። የአድሚን ፓስወርዱን ቀይር፣ ኤችቲቲፒውን ዘግተህ ኤችቲቲፒኤሱን ብቻ ተው፣ ቴልኔትና "ፐብሊክ" በሚል ቃል የሚመልሰውን ኤስኤንኤምፒ (የዕቃውን ሁኔታ ከርቀት መከታተያ) አጥፋ። የዌብ ገጹ በሳጥኑ ዋይፋይ በኩልም ይከፈት እንደሆነ እይ፤ መዝጊያ ካለው ዝጋው። በኬብሉ በኩል ደግሞ ከአንተ ማስተዳደሪያ ቪላን ብቻ እንዲደረስበት አድርግ።

ጀጎል ኔት፦

የአይፎኑን ጉዳይ እኔ ልውሰደው። ሳጥኑ "አለሁ" የሚለው በኤምዲኤንኤስ (ዕቃዎች ስማቸውን በኔትወርኩ ውስጥ በሚያስታውቁበት መንገድ) ነው፤ ወደ 224.0.0.251፣ ዩዲፒ 5353። ይህ መልእክት በተፈጥሮው ከአንድ ቪላን አይወጣም፤ ራውተር አያሳልፈውም። ፒንግ የሚሠራው አድራሻውን አንተ ስለምታውቀው ነው፤ አይፎኑ ግን አድራሻውን የሚነግረው የለም።

ማይክሮቲክ ስለሆነ ዕድለኛ ነህ። ከሮውተርኦኤስ (የማይክሮቲክ ሶፍትዌር) 7.16 ጀምሮ ዲኤንኤስ ሴቲንጉ ውስጥ ኤምዲኤንኤስን ከአንዱ ኢንተርፌስ ወደ ሌላው የሚደግም አማራጭ አለ። የሠራተኛውን ቪላንና የሳጥኖቹን ቪላን ብቻ ምረጥ። ራውተሩ ራሱ ስለሚቀበለው፣ በኢንፑት ሰንሰለቱ (ወደ ራውተሩ ራሱ የሚመጣውን በሚመለከቱት ሩሎች) ላይ ከሁለቱ ቪላኖች የሚመጣውን ዩዲፒ 5353 ፍቀድ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፎርዋርዱን (በራውተሩ በኩል የሚያልፈውን) ብቻ ከፍቶ "አልሠራም" ይላል። ሥሪትህ የቆየ ከሆነ መጀመሪያ አሳድገው። ትንሽ ሊነክስ ማሽን ላይ አቫሂ የተባለውን ፕሮግራም ሪፍሌክተር (ደጋሚ) አድርጎ ሁለቱ ቪላን ውስጥ እግር ማስገባትም ይቻላል፤ ግን በዚያ ማሽን ላይ የአይፒ ፎርዋርዲንግ መጥፋቱን አረጋግጥ፣ አለዚያ ራሱ አዲስ ቀዳዳ ይሆናል።

ልብ በል፦ ደጋሚ ሁሉንም ነው የሚደግመው። የእንግዳውን ቪላን ጨምረህ ከመረጥህ የሠራተኛው ፕሪንተርና ኮምፒውተር ስሞች እንግዳው ስልክ ላይ ይደረደራሉ። እንግዳ ኤርፕሌይ የግድ ይፈልጋል ካልህ በአገልግሎት ዓይነት የሚያጣራ ጌትዌይ ያለው የዋይፋይ ኮንትሮለር ያስፈልግሃል፤ የአሩባው ኤርግሩፕ እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል። ለእኔ ግን እንግዳው የክሊክሼሩን ቁልፍ ይጠቀም፤ ቁልፉ የራሱ ሬዲዮ ስላለው ከሳጥኑ ጋር በቀጥታ ነው የሚነጋገረው። ኤምዲኤንኤስም የአንተ ዋይፋይም አያስፈልገውም። አንተ ዘንድ ቪላን ስትቀይር ምንም ያልሆነው ለዚህ ነው።

ፋየርዎሉ ላይ የሳጥኖቹን ቪላን ባለ 28 ቢት ማስክ አድርገው፤ 14 አድራሻ ለሦስት ሳጥን ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ ከሠራተኛው ቪላን ወደ ሳጥኑ የሚከፈተው ይኼ ነው፦

ለኤርፕሌይ ቲሲፒ 7000 እና 7100፣ ከዚያም ቲሲፒና ዩዲፒ 49152–65535
ለሚራካስት በኔትወርክ በኩል ቲሲፒ 7250፣ ለምስሉ ደግሞ ዩዲፒ
ጉግል ካስት ካለ ቲሲፒ 8008፣ 8009፣ 8443፣ ዩዲፒ 32768–61000

ከሳጥኑ ቪላን ወደ የትኛውም የውስጥ ቪላን አዲስ ግንኙነት መጀመር በነባሪው ይከልከል፤ የተጀመረው ላይ መልስ ብቻ ይለፍ። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ኤርፕሌይ ላይ ስክሪን ሲንጸባረቅ ሰዓት ለማመሳሰል ተቀባዩ ወደ ስልኩ የራሱን የዩዲፒ ጥያቄ ይልካል። ሙሉ በሙሉ ከዘጋኸው ስሙ ይታያል፣ ኮዱ ይገባል፣ ከዚያ ምስሉ አይመጣም ወይም ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ይሞታል። ስለዚህ ከዚያ አንድ ሳጥን አድራሻ ብቻ ተነሥቶ ወደ ሠራተኛው የዋይፋይ ቪላን ብቻ ዩዲፒ 49152–65535 ክፈት። ወደ ሰርቨር ቪላን በፍጹም። የሳጥኑን አድራሻ በዲኤችሲፒ (በአድራሻ አዳዩ) ቋሚ ማድረግህን አትርሳ፤ ሩሉ በአድራሻ ስለሆነ።

ሩሉን ከጻፍህ በኋላ መጨረሻው ላይ ያለውን ክልከላ ሎግ እንዲያደርግ አድርገህ አንድ ሙሉ ስብሰባ አሳልፍ። የተከለከለውን ማየት ከየትኛውም የፖርት ዝርዝር ይበልጣል፤ ርካሽ ሳጥኖች የራሳቸውን ፖርት ይጨምራሉ።

የስዊቹም ነገር አለ። ስሙ መጀመሪያ ታይቶ ከአራት ደቂቃ በላይ ቆይቶ የሚጠፋ ከሆነ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ (ስዊቹ የቡድን መልእክትን ለሚፈልገው ፖርት ብቻ የሚልክበት ሴቲንግ) በርቶ ኳሪየር (ፈላጊዎቹን በየጊዜው የሚጠይቅ) የለም ማለት ነው። የአባልነቱ ጊዜ በነባሪው 260 ሰከንድ ነው፤ የሚጠይቅ ሲጠፋ ስዊቹ ፖርቱን ከዝርዝሩ ያወጣዋል። በሕጉ 224.0.0 ብሎ የሚጀምረው ክልል ሁሌም ወደ ሁሉም ፖርት መሄድ አለበት፤ 239.255.255.250 ላይ የሚሄደው ኤስኤስዲፒ (ሌላው የዕቃ ማስታወቂያ መንገድ) ግን በዚህ ይመታል። ኳሪየሩን አንድ ቦታ፣ ራውተሩ ላይ ወይም ዋናው ስዊች ላይ፣ አብራው።

ለገሀሬ፦

ኧረ አቦ፣ ለሦስት ክፍል ይኼን ሁሉ? የሁለቱን ክሊክሼሮች የኔትወርክ ኬብል ንቀለው በቃ። ቁልፉ ያለ ኬብሉም ይሠራል፤ ሳጥኑ ከቢሮው ጋር ካልተገናኘ የሚሻገር የለም። ሦስተኛውን ክፍል በአምስት ሜትር ኤችዲኤምአይ ኬብልና በታይፕ-ሲ አስማሚ ጨርሰው። ኬብል ፓስወርድ አይረሳም፣ ሰርተፊኬቱም አያልቅበትም። ብቻ ከአሥር ሜትር ካለፈ ተራ ኬብል 4ኬ አይችልም፤ ወይ ጥራቱን ወደ 1080 አውርደው ወይ በኔትወርክ ኬብል የሚያሻግር ማራዘሚያ ግዛ።

ጀጎል ኔት፦

ለገሀሬ፣ ለትንሽ ቢሮ ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ ለእንግዳ በብዛት ለሚውል ክፍል እኔም ኬብል ጠረጴዛው ላይ ሁሌም ይኑር እላለሁ። ሙሉ በሙሉ የተነቀለ ሳጥን ግን ሰዓቱን አያስተካክልም፣ ሎግ አይልክም፣ ፈርምዌሩን ሰው በዩኤስቢ ካልጫነለት ባለበት ይቀራል። በዩኤስቢ የሚጭነው ሰው ስሙ በወረቀት ካልተጻፈ ማንም አይጭነውም። ኬብሉን ከነቀላችሁ ይህን ሥራ በየሦስት ወሩ ለአንድ ሰው መድቡ። ክሊክሼር ላይ ደግሞ ሳጥኑን ካሳደግህ በኋላ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሳጥኑ ላይ ሰክተህ ማደስ አለብህ፤ አለዚያ ስብሰባ ሊጀመር ሲል ነው ቁልፉ "ልታደስ" የሚለው።

ሳቢያን24፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ብሪጁ የሦስተኛው ክፍል ሳጥን ላይ በርቶ ነበር፤ አጠፋሁት። ፈርምዌሩ አዲስ ነው። ኤምዲኤንኤስ ደጋሚው ከተከፈተ በኋላ አይፎኖቹ ደህና ሆኑ። ዊንዶውስ ግን ከፋ! ድሮ ቢቆራረጥም ይገናኝ ነበር፤ አሁን ፒን ካስገባሁ በኋላ ትንሽ ቆይቶ መገናኘት አልቻልኩም ይላል። ደግሞ ኦዲቱ ክሊክሼሮቹ በ802.1ኤክስ (ዕቃው ማንነቱን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ወደ ኔትወርኩ በሚገባበት ሥርዓት) ይግቡ ብሏል፤ አድርጌው ትናንት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንደኛው ሳጥን ወደ ኔትወርኩ አልገባም።

ገንደቆሬ፦

ሁለቱም ጤናማ ምልክቶች ናቸው፤ ምክንያታቸው የታወቀ ነው።

ሚራካስት ሁለት መንገድ አለው። የቆየው ዋይፋይ ዳይሬክት ነው፤ ላፕቶፑና ሳጥኑ ያለ አንተ አክሰስ ፖይንት በአየር ላይ በቀጥታ ይያያዛሉ። የላፕቶፑ አንድ ሬዲዮ በሁለት ቻነል መካከል ስለሚመላለስ ነው ምስሉ የሚቆራረጠውና ኢንተርኔቱ የሚጠፋው። ዊንዶውስ ስሙን የሚያገኘውም በዚያው በአየር ላይ ስለሆነ ቪላኑ አላገደውም። ሁለተኛው መንገድ ከዊንዶውስ 10 ሥሪት 1703 ጀምሮ ያለው በቢሮ ኔትወርክ በኩል የሚሄደው ነው። ዊንዶውስ የሳጥኑን ስም በዲኤንኤስ ወይም በኤምዲኤንኤስ ወደ አድራሻ መፍታት ከቻለ ይኼኛውን ይመርጣል፤ ካልቻለ ወደ ዋይፋይ ዳይሬክት ይመለሳል። ደጋሚውን ከመክፈትህ በፊት ስሙ አይፈታም ነበርና በአሮጌው መንገድ ይገናኝ ነበር። አሁን ስሙ ተፈታ፣ አዲሱን መንገድ መረጠ፣ ፋየርዎልህ ላይ ተጋጨ።

የሚጋጨው የት መሰለህ? ላፕቶፑ ወደ ሳጥኑ በቲሲፒ 7250 ይሄዳል፤ ይኼ ክፍት ነው፣ ፒኑም በዚህ ያልፋል። ቀጥሎ ግን ሳጥኑ ነው ተመልሶ ወደ ላፕቶፑ በቲሲፒ 7236 ግንኙነት የሚጀምረው። "ከሳጥኑ ወደ ውስጥ አዲስ ግንኙነት የለም" የሚለው ሩል ይገድለዋል። ጀጎል ለኤርፕሌይ እንዳለው፣ ከዚያ ሳጥን አድራሻ ወደ ሠራተኛው ቪላን ቲሲፒ 7236 ብቻ ጨምር። ካልሠራ የላፕቶፑን የራሱን ፋየርዎል እይ። ዊንዶውስ ለገመድ አልባ ማሳያ የራሱ የሆነ የመግቢያ ሩል አለው፤ ነገር ግን ዋና መሥሪያ ቤታችሁ በግሩፕ ፖሊሲ (ከማዕከል ለሁሉም ላፕቶፕ በሚላክ ሴቲንግ) "የአካባቢውን ሩል አትቀበል" ብሎ ከሆነ ያ ሩል እንደሌለ ይቆጠራል። ዲቫይስ ማኔጀር ወይም ድራይቨር ላይ ጊዜህን አታጥፋ፤ ፖሊሲው ውስጥ ያንኑ ሩል በግልጽ እንዲያስገቡልህ ጠይቅ።

ግንኙነቱን ከሚፈቅደው ሴቲንግ ውስጥ "ፒን ሁልጊዜ ይጠየቅ" የሚለውን ምረጥ። የመጀመሪያው ጊዜ ብቻ የሚለው ምርጫ ባለፈው ወር የመጣ እንግዳ ዛሬ ከመንገድ ላይ ሆኖ ስክሪናችሁ ላይ እንዲወጣ ይተወዋል። ግድግዳው ስስ ከሆነም የጎረቤት ክፍል ሰው በስሕተት ደመወዝ ዝርዝር ያሳያል፤ ይኼ ከጠላፊ ይልቅ የሚያጋጥም ነው።

አሁን ወደ መብራቱ። ሰርተፊኬት ተቀባይነት የሚኖረው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ሳጥኖች ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የላቸውም፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቀናቸው ወደ ኋላ፣ አንዳንዴም ወደ 1970 ይመለሳል። በዚያ ቀን ሰርተፊኬቱ ገና አልጀመረም፣ ስለዚህ ሳጥኑ ማንነት የሚያረጋግጠውን የራዲየስ ሰርቨር ሰርተፊኬት አይቀበልም፣ 802.1ኤክስ ይወድቃል። ሰዓቱን ለማስተካከል ኤንቲፒ ያስፈልገዋል፤ ኤንቲፒ ለማግኘት ኔትወርክ ያስፈልገዋል፤ ኔትወርክ ለማግኘት ትክክለኛ ሰዓት ያስፈልገዋል። እዚያው ይዞራል።

መፍቻው ስዊቹ ላይ ነው። ማረጋገጫው ለወደቀ ፖርት የሚሰጥ ቪላን አዘጋጅ፤ በውስጡ ዲኤችሲፒና ወደ አንድ የውስጥ ኤንቲፒ ሰርቨር ዩዲፒ 123 ብቻ ይኑር፣ ሌላ ምንም። ራውተርህ ራሱ የኤንቲፒ ሰርቨር መሆን ይችላል። ሳጥኑ እዚያ ገብቶ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ስዊቹ በየ60 ሰከንዱ ወይም በየአምስት ደቂቃው እንደገና እንዲሞክር አድርገው፣ ሁለተኛው ሙከራ ያልፋል። ሳጥኑን አነስተኛ ዩፒኤስ ላይ ማድረግም ይረዳል፤ ለድሬ ከተማ መብራት ለሁለቱም እከራከራለሁ።

አንድ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፦ ሳጥኑ ከስዊቹ ቀድሞ ይነሣል። ስዊቹ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲፈጅ ሳጥኑ ዲኤችሲፒ ጠይቆ ያጣና በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። የሳጥኑን የኔትወርክ ገጽ ስታይ ይህን ካገኘህ ችግሩ ሰርተፊኬት አይደለም። ስዊቹ የኤጅ ፖርት ሴቲንግ ካለው አብራለት፤ ስፓኒንግ ትሪው (የስዊቹ የኬብል ዙሪት መከላከያ) ፖርቱን 30 ሰከንድ ያህል አያስጠብቀውም።

ሦስተኛው ሳጥን 802.1ኤክስ የማያውቅ ከሆነ በማክ አድራሻ ከማስገባት ሌላ አማራጭ የለህም። ይህን ማረጋገጫ ነው ብለህ አትቁጠረው፤ ማክ አድራሻው ከሳጥኑ ጀርባ ታትሞ ተለጥፏል፣ ማንም ላፕቶፑ ላይ ይጽፈዋል። እንግዳ ኬብሉን ከሳጥኑ ነቅሎ ላፕቶፑ ላይ ቢሰካ የሚያገኘው የታጠረውን የሳጥኖቹን ቪላን ብቻ ስለሆነ ነው ደኅንነትህ የተጠበቀው። ለዚህም ከላይ የተባሉት ጠባብ ሩሎች ዋናው ነገር ናቸው።

ሳቢያን24፦

እህቴ ተባረኪ። 7236 ከፍቼ ወዲያው ሠራ፣ የላፕቶፑ ፋየርዎል አልነካውም። ሰዓቱም እንዳልሽው ነው፤ የሳጥኑ ገጽ ላይ 1970 ይላል። አሁን የቀረኝ ሁለት ነገር ነው፦ አንደኛው ክሊክሼር ያለበት ክፍል ውስጥ የሠራተኛው ዋይፋይ ቀስ ይላል፤ ሌላው አንድ ቁልፍ ጠፍቷል።

ከዚራ ኬብል፦

ዋይፋዩ የቀሰሰው ሳጥኑ የራሱን አክሰስ ፖይንት በአንተው ቻነል ላይ ስላወጣ ነው። ሳጥኑን 5 ጊጋኸርትዝ ላይ አድርገው፣ ከ36 እስከ 48 ካሉት ቻነሎች የቅርቡ አክሰስ ፖይንትህ የማይጠቀምበትን ምረጥለት። ከ52 እስከ 144 ያሉት ራዳር የሚጠበቅባቸው ናቸው፤ እዚያ ሳጥኑ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ማዳመጥ አለበት፣ ራዳር ከሰማም በስብሰባ መሃል ይሸሻል። የሳጥኑን የሬዲዮ ኃይል ዝቅ አድርገው፤ ቁልፉ በክፍሉ ውስጥ ነው ያለው፣ እስከ መጋላ መድረስ የለበትም። በተቃራኒው ደግሞ የዋይፋይ ኮንትሮለርህ ያልታወቀ አክሰስ ፖይንት ሲያይ የሚያፍን ሴቲንግ በርቶ ከሆነ ቁልፉን ራሱ ይቆርጠዋል፤ የሳጥኑን ስምና ማክ ከሚታወቁት ዝርዝር ውስጥ አስገባ።

ስለ ሦስተኛው ሳጥንም ካነሣን አይቀር፦ ከቲቪው ዩኤስቢ መብራት እየወሰደ እንዳይሆን። ተራ የቲቪ ዩኤስቢ 2.0 ፖርት 0.5 አምፒር ነው የሚሰጠው፤ ብዙ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች 5 ቮልት 1 አምፒር ይፈልጋሉ። ሲጎድልባቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ፣ ያንን ሰው "ኔትወርኩ" ይለዋል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ደግሞ በቲቪና በግድግዳ መካከል የተጣበቀ ሳጥን ይጋላል፤ አጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ገዝተህ ከቲቪው ሥር ወደ ታች አንጠልጥለው፣ አየር ያግኝ።

የጠፋው ቁልፍ የሳጥኑን የዋይፋይ ስምና ፓስወርድ በውስጡ ይዟል። የሳጥኑን የዋይፋይ ፓስወርድ ቀይር፣ የቀሩትን ቁልፎች ሳጥኑ ላይ እየሰካህ አድስ፤ የጠፋው ከዚያ በኋላ አይገባም። ቁልፎቹ ላይ ቁጥር ጻፍባቸው፣ በስብሰባው ማብቂያ የሚቆጥር ሰው ይኑር።

ገንደቆሬ፦

የጠፋው ቁልፍ ተመልሶ ከመጣም ሳታድሰው አትጠቀምበት። ቁልፉ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ፕሮግራም እንደያዘ ዲስክ ነው የሚታየው፤ ውጭ ያደረ ቁልፍ ማን ምን እንደጻፈበት አታውቅም። ፈርምዌሩን እንደገና ጫንበት፤ ካልሆነልህ ጣለው። ለሠራተኛው ላፕቶፖች ደግሞ የክሊክሼሩን ፕሮግራም አስቀድመህ በግሩፕ ፖሊሲ ጫንላቸው፣ ከዩኤስቢ ዲስክ ላይ ፕሮግራም ማስነሣትን ዝጋ። ቁልፉ ከተጫነው ፕሮግራም ጋር መሥራቱን ይቀጥላል፤ ዲስኩን የሚፈልገው ፕሮግራሙ የሌለው እንግዳ ብቻ ነው።